ኮሌጁ ሲከፈት ያላዩት የአለማያ ጠንሳሽ

የዶክተር ሄንሪ ቤኔት የሕይወት ታሪክና ለገበሬ ልጆች የተውት ትምህርት

ከሐረር ከተማ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው አውራ ጎዳና አወዳይን አልፎ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሐረማያን ሜዳ ያገኛል። በዚህ ሜዳ ላይ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ ትምህርት ሲሰጥበት የኖረ ተቋም ይገኛል። ተቋሙ በመጀመሪያ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በመባል ይታወቃል።

ሐረር የግንብ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ኑሮዋ ከግንቡ ውጪ ባለው አፈር ላይ የተመሠረተ መሆኑን በሸዋ በር ገበያ ጠዋት ቆሞ ያየ ሁሉ ይረዳዋል። በጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች የሚገባው ማሽላ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጫትና ማገዶ ከዙሪያው ገበሬ ማሳና ጓሮ የሚመጣ ነው። በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀው የሐረር ቡናም ቢሆን ከዚሁ ገበሬ እጅ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ በአገሪቱ የመጀመሪያው የእርሻ ኮሌጅ በዚህ አካባቢ መቋቋሙ ለሐረርጌ ገበሬ ትልቅ ዕድል ነበር።

የኮሌጁን ስም የማያውቅ የገበሬ ማኅበር መሪ በአካባቢው የለም ለማለት ይቻላል። ኮሌጁን በመጀመሪያ ያሰቡትን ሰው የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። እኒህ ሰው ከኢትዮጵያ እጅግ በራቀ አገር፣ በገጠር ተወልደው ከመምህርነት ተነሥተው የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የቴክኒክ ዕርዳታ ድርጅት ኃላፊ እስከ መሆን የደረሱት ዶክተር ሄንሪ ጋርላንድ ቤኔት ናቸው። ሥራውን አስጀምረው ፍሬውን ሳያዩ ሞተዋል። ታሪካቸው ስለ ወጣቶች አመራርና ስለ እርሻ ትምህርት ለሚያስብ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጽሐፍ ሻጭነት እስከ ኮሌጅ ኃላፊነት

ሄንሪ ቤኔት የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1879 ዓ.ም. በአሜሪካ ደቡብ በምትገኘው በአርካንሳስ ግዛት ገጠር ውስጥ ነው። አካባቢው ዋና መተዳደሪያው እርሻ የነበረ፣ ሕዝቡም በአብዛኛው በእጅ ወደ አፍ ኑሮ የሚተዳደር ነበር። በዚያው ግዛት በሚገኘው በዋሺታ ኮሌጅ ተምረው በ1899 ዓ.ም. ተመረቁ።

ከምረቃ በኋላ ያገኙት ሥራ ትልቅ አልነበረም። ለጥቂት ጊዜ በንግድ ትምህርት ቤት ካስተማሩ በኋላ የመማሪያ መጻሕፍት ሻጭ ሆነው ወደ ኦክላሆማ ሄዱ። ኦክላሆማ በዚያን ጊዜ የአገሬው ተወላጆች የሆኑት ሕንዶች ከየቦታው ተነቅለው የሰፈሩባት፣ በኋላም አዳዲስ ሰፋሪዎች በብዛት የገቡባት አገር ስትሆን፣ ራሷን የቻለች ግዛት የሆነችው በኅዳር 1900 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቱ ጥቂት፣ መምህሩ ያነሰ ነበር። ወጣቱ ቤኔት የመጻሕፍቱን ከረጢት አስቀምጠው ቦዝዌል በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሪ ሆኑ። ብዙም ሳይቆዩ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም የአውራጃው ትምህርት ቤቶች የበላይ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የሁጎ ከተማ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ለመሆን በቁ።

የአውራጃ ተቆጣጣሪነት ሥራ የገጠሩን ልጅ ኑሮ በቅርብ ለማየት አስችሏቸዋል። ልጁ በአዝመራ ጊዜ ከትምህርት ይቀራል፤ በመጽሐፍ የሚማረውና በአባቱ ማሳ ላይ የሚያየው አይገናኝም፤ ትንሽ ካወቀ ደግሞ እርሻውን ትቶ ከተማ ይገባል። ይህ ችግር የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ልጁን ለትምህርት ልኮ ሳይመለስ የቀረበት የሐረርጌ ገበሬም በሚገባ የሚያውቀው ነው።

በጥር 1905 ዓ.ም. ቬራ ኮኔል የተባሉ ሴት አግብተው አምስት ልጆች አፈሩ። በ1911 ዓ.ም. ዱራንት በተባለች ከተማ የሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ከሆኑም በኋላ መማራቸውን አላቆሙም። በ1916 ዓ.ም. ከኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በ1918 ዓ.ም. ደግሞ ኒው ዮርክ ከሚገኘው ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 40 ዓመት ተጠግቶ ነበር። ሹመት የመማር ማብቂያ አለመሆኑን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ሦስቱ ጉልቻ

ዶክተር ቤኔት ስማቸው የተጠራበት ዋናው ሥራ የተጀመረው በ1920 ዓ.ም. ነው። በዚህ ዓመት ስቲልዎተር በተባለች ከተማ የሚገኘው የኦክላሆማ የእርሻና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኮሌጁ የተቋቋመው በ1883 ዓ.ም. ሲሆን፣ መሠረቱ የአሜሪካ መንግሥት በ1854 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት መንግሥት ለየግዛቱ መሬት እየሰጠ ከመሬቱ ሽያጭ በሚገኘው ገንዘብ የገበሬና የሠራተኛ ልጆች የሚማሩባቸው ኮሌጆች እንዲቋቋሙ ተደርጓል።

እነዚህ ኮሌጆች በአንድ ጊዜ አልተሟሉም። በመጀመሪያ ያደርጉ የነበረው ማስተማር ብቻ ነው። ነገር ግን አስተማሪው ራሱ ስለ አገሩ አፈርና ዘር በቂ ዕውቀት እንደሌለው ስለታየ፣ በ1879 ዓ.ም. በወጣ ሌላ ሕግ የምርምር ጣቢያ ተጨመረላቸው። ምርምሩ ተደርጎም ውጤቱ በመጽሐፍ ውስጥ ተዘግቶ ቀረ እንጂ ከገበሬው ማሳ አልደረሰም። በዚህ ምክንያት በ1906 ዓ.ም. የኤክስቴንሽን አገልግሎት በሕግ ተቋቋመና የኮሌጁ ሠራተኛ በየአውራጃው ተመድቦ ከገበሬው ጋር እንዲሠራ ተደረገ። ትምህርት፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው። አንዱ ሲጎድል ድስቱ ይደፋል።

ዶክተር ቤኔት ኮሌጁን የተረከቡት በደኅና ጊዜ አልነበረም። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት ላይ የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት ደረሰ። የእህል ዋጋ ወደቀ። ወዲያው ደግሞ ዝናብ ጠፋና በኦክላሆማና በአጎራባች ግዛቶች ያለ ጥንቃቄ የታረሰው መሬት በነፋስ እየተነሣ ሰማዩን ያጠቁር ጀመር። ሣሩ ተነቅሎ ሜዳው ሁሉ ስንዴ በመዘራቱ አፈሩን የሚይዝ ሥር አልቀረም ነበር። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ገበሬ ማሳውን ጥሎ ተሰደደ።

በዚህ ሁሉ መካከል ኮሌጁ ተማሪ መቀበሉን አላቋረጠም። የመማሪያ ገንዘብ የሌላቸው የገበሬ ልጆች በኮሌጁ እርሻ፣ በከብት ቤትና በወጥ ቤት እየሠሩ እንዲማሩ ተደርጓል። ገበሬው ማሳውን በእርከን እንዲያርስ፣ ጎርፉን እንዲገታ፣ ለመሬቱ ሣር እንዲመልስ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ፕሬዚዳንቱ ለኮሌጁ የ25 ዓመት የሕንፃና የሥራ ዕቅድ አውጥተው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይሠሩ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወጣቶች በብዛት ሲመጡ፣ ኮሌጁ እነርሱን ከነቤተሰባቸው ለመቀበል የበቃው በዚህ ዝግጅት ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል የዘመኑ ጉድለት በዚህ ኮሌጅም ላይ የታየ መሆኑ ሊታለፍ አይገባም። በግዛቱ የዘር መለያየት ሕግ መሠረት ጥቁር አሜሪካውያን እስከ 1941 ዓ.ም. ድረስ በኮሌጁ ገብተው መማር አይችሉም ነበር። የደሃ ገበሬ ልጆች ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመው ቤት ከደሃዎቹ ሁሉ የበለጠ ለተቸገሩት በሩን ዘግቶ ኖሯል። ለማን በር እንደሚከፈትና ለማን እንደሚዘጋ መጠየቅ ለማንኛውም የትምህርት ሥራ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

በቆሎ ዘርተው መሪ የሆኑ ልጆች

የኦክላሆማው ሥራ ከኮሌጁ ግቢ የሚጀምር አልነበረም። በ1901 ዓ.ም. በዚያው ግዛት ጆንስተን በተባለ አውራጃ የገጠር ልጆች የበቆሎ ክበብ ተቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነው። ለአንድ ልጅ ጥሩ ዘር ይሰጠዋል፤ ከአባቱ መሬት ላይ ጥቂት ቦታ ይከለልለታል፤ መቼ እንደ ዘራ፣ ስንት ጊዜ እንዳረመ፣ ምን እንዳወጣና ምን እንዳገኘ በደብተር ይጽፋል፤ በመከር ጊዜ ምርቱን ከጓደኞቹ ምርት ጋር በአደባባይ ያሳያል። ሴቶች ልጆች ደግሞ ቲማቲም አልምተው ማቆየት የሚማሩበት ክበብ ነበራቸው። በኋላ እነዚህ ክበቦች በአንድነት ተጠቃለው በአእምሮ፣ በልብ፣ በእጅና በጤና የሚያድግ ወጣት ማፍራትን ዓላማ ያደረገ ትልቅ እንቅስቃሴ ሆኑ። ዶክተር ቤኔት ስቲልዎተር በገቡበት ሰሞን፣ በ1921 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እርሻ የሚማሩ ወጣቶች በበኩላቸው የነገ ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመዋል።

የክበቦቹ ጥቅም በበቆሎው ብዛት ብቻ የሚለካ አልነበረም። ብዙ አባቶች አዲሱን ዘር በመጀመሪያ አላመኑትም። የልጃቸው ትንሽ ማሳ ከራሳቸው ትልቅ ማሳ በልጦ ሲታይ ግን ዘሩን ተቀብለዋል። ልጁም ስብሰባ መምራትን፣ ሒሳብ መያዝን፣ በሕዝብ ፊት መናገርን የተማረው በዚያ ነው። ከእነዚህ ክበቦች የወጡ ልጆች ወደ እርሻው ኮሌጅ ገቡ። ከኮሌጁ ተመርቀው ደግሞ የአውራጃ እርሻ ሠራተኞች፣ የምርምር ባለሙያዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎች ሆኑ። የእርሻ ትምህርት የኑሮ መሰላል የሚሆነው እንዲህ ደረጃ በደረጃ ሲያያዝ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ

በጥቅምት 1938 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በካናዳ ኩቤክ ከተማ ሲመሠረት ዶክተር ቤኔት ከአሜሪካ መልእክተኞች ጋር ተገኝተዋል። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነት የፈረሰችውን የጀርመንን እርሻ ሁኔታ እንዲያጠኑ ተልከዋል። ከእነዚህ ጉዞዎች ያገኙት ዕውቀት በኦክላሆማ የታየው የገበሬ ችግር በሌላውም ዓለም ያለ መሆኑን አረጋገጠላቸው።

በ1942 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ግብዣ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ገና ማገገሟ ነበር። በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ሥራ ላይ ቢሆንም፣ በአገሪቱ አንድም የእርሻ ኮሌጅ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንኳ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከሕዝቡ አብዛኛው በእርሻ የሚተዳደር ሲሆን፣ ስለዚሁ እርሻ በከፍተኛ ደረጃ የተማረ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር።

ዶክተር ቤኔት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲነጋገሩ የስቲልዎተሩን ዓይነት ኮሌጅ፣ ማለትም ሦስቱን ጉልቻ አንድ ላይ የያዘ ተቋም በኢትዮጵያ ማቆም እንደሚቻል አስረዱ። ንጉሠ ነገሥቱም ሐሳቡን ተቀብለው ዕርዳታ እንዲደረግ ጠየቁ። የኋላው አለማያ የተጠነሰሰው በዚህ ንግግር ነው።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በጥር 1941 ዓ.ም. ባደረጉት ንግግር በአራተኛ ነጥብ የጠቀሱት፣ ለታዳጊ አገሮች የቴክኒክ ዕውቀት የማካፈል ዕቅድ ሕግ ሆኖ ወጥቶ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ፖይንት ፎር በሚል ስም የታወቀው ድርጅት ይህ ነው። በኅዳር 1943 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን የድርጅቱ የመጀመሪያ ኃላፊ አድርገው ዶክተር ቤኔትን ሾሙ። የእርሳቸው እምነት ከትላልቅ ማሽንና ሕንፃ በፊት ሰው ይሠልጥን፣ ገበሬው በያዘው መሣሪያና በአቅሙ ሊጠቀምበት የሚችል ዕውቀት ይቅደም የሚል ነበር። በሰኔ 1943 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት የቴክኒክ ትብብር ስምምነት ተፈራረሙ።

የታኅሣሥ 12 አደጋ

ዶክተር ቤኔት በመካከለኛው ምሥራቅ የሚካሄደውን ሥራ ለመጎብኘት በ1944 ዓ.ም. ከባለቤታቸውና ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ጉዞ ጀመሩ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1944 ዓ.ም. የተሳፈሩበት የግብፅ አየር መንገድ አውሮፕላን በበረዶ ውሽንፍር መካከል ከኢራን ዋና ከተማ ከቴህራን አጠገብ ወደቀ። ዶክተር ቤኔት፣ ባለቤታቸውና አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ ሞቱ። ዕድሜያቸው ገና 65 ዓመት መሙላቱ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ለታሰበው ኮሌጅ አንድ ድንጋይ አልተጣለም፤ አንድም ተማሪ አልተመዘገበም ነበር። ሥራ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡ ከአውሮፕላኑ ጋር ተቃጥሎ በቀረ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በስቲልዎተር ምክትላቸው የነበሩት ዶክተር ኦሊቨር ዊልሃም ኮሌጁን ተረከቡ። በአደጋው አምስት ወር ገደማ፣ በግንቦት 1944 ዓ.ም.፣ የኦክላሆማው ኮሌጅ በኢትዮጵያ የእርሻ ትምህርት እንዲያቋቁም የሚያደርገው ውል ተፈረመ። ዶክተር ቤኔት በሕይወት ዘመናቸው ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠው ሥራ እርሳቸው ሳይኖሩ የሚሠሩ ሰዎችን ማዘጋጀታቸው ነው ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

ከጅማ ወደ ሐረር

ሥራው የተጀመረው በጅማ ነው። ለኮሌጅ የሚበቁ ተማሪዎች ስላልነበሩ በ1945 ዓ.ም. የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚያው ነበር። በዚህ መካከል በሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ሕንፃው ይሠራ ጀመር። ቦታው ደጋማ አየር ያለው፣ ለአውራ ጎዳና ቅርብ የሆነ፣ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያም የማይርቀው ነበር። ቦታው የተሰጠው ለእርሻ ምርምር የሚሆን ሰፊ መሬት ጭምር ነው።

በሰኔ 1946 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ስቲልዎተር ድረስ ሄደው የዶክተር ቤኔትን ኮሌጅ አይተዋል። በ1949 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ከጅማ ወደ አለማያ ተዛወሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ተመራቂዎችም በዚያው ዓመት ወጡ። ኮሌጁ በሥርዓት ተመርቆ የተከፈተው በጥር 1950 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ከኦክላሆማ የመጡት ሉተር ብራነን ነበሩ። ተመራቂዎች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ሲመለሱ የአሜሪካውያኑን ቦታ ኢትዮጵያውያን መምህራን ተረከቡ። በ1960 ዓ.ም. የኦክላሆማው ውል ሲያበቃ ኮሌጁ በኢትዮጵያውያን እጅ ቆሟል።

በአለማያ የተካሄደው ምርምር ለሐረርጌ ገበሬ ዋና ምግብ ለሆነው ለማሽላ ትልቅ ቦታ ሰጥቷል። አለማያ 70 የተባለው የደጋ ማሽላ ዘር የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ደብረ ዘይት ይገኝ የነበረው የምርምር ጣቢያም የኮሌጁ አካል ሆኖ በጤፍ፣ በስንዴና በጥራጥሬ ላይ ሠርቷል።

ጅማና አለማያ ተያይዘው አንድን የገበሬ ልጅ የት እንደሚያደርሱ ለማየት የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ሕይወት ጥሩ ምስክር ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወለንኮሚ አካባቢ በገጠር ጎጆ ተወልደው፣ እናታቸው ትምህርት እንዲማሩ አጥብቀው ስለፈለጉ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር እየሄዱ ተማሩ። ከዚያ የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1965 ዓ.ም. ከአለማያ ኮሌጅ ተመርቀው በአሜሪካ የዶክትሬት ዲግሪ ካገኙ በኋላ ለሱዳን ገበሬ ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ፣ ቀጥሎም በአፍሪካ ማሳዎች ላይ ብዙ ጥፋት የሚያደርሰውን አቀንጭራ የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮች አወጡ። በ2001 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት አሸናፊ መሆናቸው ታወጀ።

የጎደለው

ይሁን እንጂ የታሰበው ሁሉ ተፈጽሟል ማለት አይደለም። ኤክስቴንሽን በመጀመሪያ የኮሌጁ ሥራ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ከሌሎቹ ራቀ ማለት ነው። ሚኒስቴሩ ሥራውን ወደ ብዙ አውራጃዎች ለማድረስ ቢችልም፣ ተመራማሪውና ገበሬው የሚገናኙበት መንገድ ረዘመ። ከተመራቂዎቹም ብዙዎቹ ከማሳ ይልቅ የቢሮ ወንበር አገኙ። ሴቶች ተማሪዎች ለብዙ ዓመታት ጥቂት ነበሩ። ይሁንና በሐረርጌ ገጠር ዘር የምትመርጠው፣ ጎተራውን የምትጠብቀው፣ አትክልቱን ተሸክማ ጀጎል በር የምታደርሰው ሴት ናት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የሐረማያ ሐይቅ ነው። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው፣ ከኮሌጁ ደጃፍ የተዘረጋው ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፈጽሞ ደረቀ። በዙሪያው ያለው ተራራ ደኑን አጥቶ አፈሩ እየታጠበ ሐይቁን ደለል ሞላው። በሞተር እየተሳበ ለጫትና ለአትክልት የሚፈሰው ውሃ በዛ። ከተማዋም ከሐይቁ የምትጠጣው ጨመረ። ሐረር ውሃዋን በድሬዳዋ አቅጣጫ ከሚገኙ ሩቅ ጉድጓዶች ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት በተፋሰሱ ላይ ሥራ ተሠርቶ ውሃው ወደ ሐይቁ መመለስ መጀመሩ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ትምህርቱ ሊረሳ አይገባም። የኦክላሆማ ሜዳ በነፋስ የተወሰደው፣ የሐረማያ ሐይቅም በደለል የተሞላው፣ ዕውቀት ጠፍቶ አይደለም። ዕውቀቱ ከኮሌጁ ግቢ ወጥቶ በጊዜው የገበሬው ሁሉ የጋራ ሥራ ባለመሆኑ ነው።

ለገበሬ ማኅበር መሪዎች

የዶክተር ቤኔት ሕይወት የሚያስተምረው ትምህርት ቤት መንግሥት ብቻ የሚሠራው ነገር አለመሆኑን ነው። የአንድ ወጣት መሰላል የመጀመሪያ ደረጃ ያለው በመንደሩ ነው። ያንን ደረጃ የሚተክለው የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ወላጅና የገበሬ ማኅበር መሪ እንጂ ኮሌጁ አይደለም።

ለሥልጠና ወጣት ሲመረጥ የመሪው ዘመድ መሆኑ ሳይሆን በማሳ ላይ የታየው ትጋት ቢመዘን ጥቅሙ ለሁሉም ነው። ከማኅበሩ መሬት አንድ ጥማድ እንኳ ባይገኝ፣ ግማሿ ተከልላ ለወጣቶች የሙከራ ማሳ ብትሆን፣ ደብተርና እርሳስ ቢጨመርላት፣ የኦክላሆማ ልጆች በበቆሎ የጀመሩትን የሐረርጌ ልጆች በማሽላና በድንች ሊጀምሩት ይችላሉ። ወጣቶቹ የያዙትን ሒሳብ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ በራሳቸው አንደበት ቢያቀርቡ መሪነትን የሚማሩበት ሌላ ቤት አያስፈልጋቸውም። ሴቶች ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ቢገቡበት ደግሞ ኮሌጁ ለብዙ ዓመታት ያጎደለው በመንደር ደረጃ ይሟላል። ተምሮ የሚመለስ ወጣትም ሥራ የሚሠራበት ቦታና የሚሰማው ሽማግሌ ካላገኘ ከተማ መግባቱ አይቀርም።

ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ከሞቱ ከሰባ ዓመታት በላይ አልፏል። መቃብራቸው በሩቅ አገር ነው፤ የአለማያን ተማሪ አላዩም፤ ከሐረማያ ማሳ የበቀለውን ማሽላ አልቀመሱም። ነገር ግን የዘሩት ዘር የበቀለው ከእርሳቸው በኋላ የሚኮተኩቱ እጆች አስቀድመው ስላዘጋጁ ነው። በየመንደሩ ያለ መሪም እርሱ በሌለበት ጊዜ ሥራውን የሚቀጥሉ ወጣቶች ካሉት፣ ማኅበሩን በሁለት ሳይሆን በሦስት ጉልቻ ላይ አስቀምጧል ማለት ነው።